እግር ያለው ዜና፦ በሳውዝ ሲ የእህቶች ኅብረት ደብተር ለተሰጠሽ

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሚነበበውን ማስታወቂያ ታውቂዋለሽ። ሰው ቦርሳውን እያነሣ፣ ልጁን እየፈለገ፣ ግማሹ ደጅ ወጥቶ ሳለ አንዲት እህት ወረቀት ይዛ ትቆማለች። «እህታችን ታማለች፤ በጸሎት አስቧት።» ሁሉም «አሜን» ይላል። ረቡዕ ዕለት የታማሚዋ ልጅ ምሳ ዕቃውን ባዶ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በዚያ ሳምንት ሁለት ቤት አልፎ የተረፈ ወጥ ነበር። «አሜን» ያሉትም ከልባቸው ነው። የጠፋው ዜናውን ከአዳራሹ አንሥቶ ደጃፏ የሚያደርስ እግር ነው።

ይህን የምጽፈው በናይሮቢ በሳውዝ ሲ ሰፈር ወይም በዙሪያው ለምትኖሪ፣ በሜቶዲስት ጉባኤም ይሁን በሌላ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ውስጥ የዜናና የአገልግሎት ደብተር ለተሰጠሽ እህት ነው። የሜቶዲስቶቹን መንገድ መነሻ ያደረግሁት ዜናን፣ ገንዘብንና ጉብኝትን በአንድ ገመድ ማሰር ከጥንት የሠሩበት ስለ ሆነ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በዕዳ ነው። በ1742 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የሜቶዲስቶች የመሰብሰቢያ ቤት ዕዳ ነበረበት። ምእመናኑ በአሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ተከፈሉና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው በየሳምንቱ እየዞረ ከየሰዉ አንዳንድ ፔኒ እንዲሰበስብ ተስማሙ። መክፈል ያልቻለ ካለ ሰብሳቢው ከኪሱ ይሞላል። ሰብሳቢዎቹ ደጅ ሲያንኳኩ ግን ከሳንቲሙ ሌላ ነገርም አገኙ፤ አንዱ ቤት ጠብ አለ፣ ሌላው ቤት መጠጥ ገብቷል። የሜቶዲስቶቹ መሪ ጆን ዌስሊ ይህን ሲሰማ ዕዳ ለመክፈል የወጣው መላ ሰውን ለመጠበቅ እንደሚሆን ገባው። እናቱ ሱዛናም ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብላ፣ ባሏ ለንደን በነበረበት ክረምት፣ በኤፕዎርዝ ቤቷ እሑድ ማታ ለልጆቿ ስብከት ታነብ ነበር። ጎረቤት እየተጨመረ ሁለት መቶ ያህል ሰው ደረሰላት። በመጋቢት 1869 ደግሞ ጥቂት የሜቶዲስት ሴቶች በዝናብ ቀን ቦስተን ላይ ተሰብስበው የሚስዮን ማኅበር አቋቋሙ። መዋጮው በሳምንት ሁለት ሳንቲምና አንድ ጸሎት ነበር። በዚያው ዓመት የራሳቸውን መጽሔት አወጡ፤ መምህርቷን ኢዛቤላ ቶበርንንና ሐኪሟን ክላራ ስዌይንን ወደ ህንድ ላኩ። መጽሔቱ ለማንበብ ብቻ አልታተመም። ያነበበችው ሴት ሁለት ሳንቲሟን ታወጣ ነበር።

የኬንያ ሜቶዲስቶች ታሪክ እኛን ኢትዮጵያውያንንም ይነካል። ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1839 ወደ ሸዋ መጥቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀመጠ፤ ኦሮሞዎችን በወንጌል ለመድረስም ተመኘ። የኢትዮጵያ መንገድ ሲዘጋበት በ1844 ሞምባሳ ገባ፤ ሚስቱንና ሕፃን ልጁንም እዚያው ቀበረ። በ1862 ቶማስ ዌክፊልድ መጥቶ ሪቤ ላይ የሜቶዲስቶችን ሥራ ሲጀምር መንገዱን ያሳየው ይኸው ክራፕፍ ነው። ስለዚህ በኬንያውያን መካከል ብቸኛዋ ሀበሻ ሆነሽ ብትቀመጪ፣ ጉባኤው ከአንኮበር የተሳበ አንድ ክር እንዳለው አስቢና ሳትሸማቀቂ ሥራ ጠይቂ።

አሁን ወደ ሥራው።

አንደኛ፣ ሰፈሩን በእግር መንገድ ክፈዪው።

የአባላቱን ዝርዝር ይዘሽ የምትከፍዪው በሚኖሩበት ቦታ ነው። ሙጎያ ያሉት አንድ ላይ፣ አኪባና ፋይቭ ስታር ያሉት አንድ ላይ፣ በፖፖ ሮድና በሙሆሆ አቬኑ ዳር ያሉት አንድ ላይ ይሁኑ። ቡድኑ ከአሥራ ሁለት ሴት አይብለጥ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ትኩስ ሾርባ ይዛ በእግሯ የምትሄድ ሴት ሾርባው ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለባት። በማታቱ ወይም በቦዳ ቦዳ ካልሆነ የማይደረስባት እህት የሌላ ቡድን ናት።

በቋንቋ አትክፈያቸው። ሀበሾቹ ለብቻ፣ ኪኩዩዎቹ ለብቻ፣ ሜሩዎቹ ለብቻ ሲሆኑ ሌሊት ምጥ የመጣባት ሴት የቅርብ ጎረቤቷን አታውቃትም። በቋንቋሽ መጸለይ ሲያምርሽ ሌላ ቀን አለ።

ለእያንዳንዱ ቡድን አንዲት ጠያቂ ምረጪ። ጥሩ ተናጋሪ መሆን አይጠበቅባትም። ምስጢር የምትይዝና የቤት ሽታ የማያስጨንቃት ትሁን። በየሳምንቱ ከየቤቱ ትንሽ ገንዘብ፣ 20 ሽልንግም ይበቃል፣ በእጇ ትሰብስብ። ኤም-ፔሳ ከ2007 ጀምሮ ያለበት አገር እየኖርን ለምን በእጅ ትዪኝ ይሆናል። በስልክ ከተላከ ደጁ አይንኳኳም፤ ደጁ ካልተንኳኳ የልብስ ገመዱ ለምን ባዶ እንደ ሆነ፣ ሰውዬው በሥራ ሰዓት ለምን ቤት እንደ ተቀመጠ የሚያይ የለም። ጠያቂዋ የሰበሰበችውን ማታ በኤም-ፔሳ ወደ ኅብረቱ ሒሳብ ታስገባው። የሌላትን ሴት ግን አትለፋት፤ ገንዘብ ባይኖራትም ደጇ ይንኳኳ።

ሁለተኛ፣ ከመጻፍሽ በፊት አስፈቅጂ።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ያጠፋሁበት ቦታ ነውና። አንድ ጊዜ የአንዲት እህትን ሕመም ከነስሙ አነበብሁ። ያነበብሁት በፍቅር ነበር፤ ሰው እንዲጸልይላት፣ እንዲጠይቃት ብዬ። ለአሠሪዋ ግን ገና አልተናገረችም ነበር። ከሰሙት አንዷ ሳታስበው አነሣችው፤ ወሬው ሥራ ቦታዋ ደረሰ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ይቅርም አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የማንንም ነገር ሳልጠይቅ አልጻፍሁም።

ሦስት ጥያቄ አለ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ጠይቂ። «ይህን ልናገር?» «ለማን ልናገር?» «እስከ መቼ?» ለሁለተኛው ጥያቄ ሦስት ምርጫ ስጪያት፤ ለጠያቂዋና ለመጋቢዋ ብቻ፣ ለአሥራ ሁለቱ፣ ወይም ለጉባኤው ሁሉ። መልሷን በደብተሩ ዳር በአንድ ፊደል ምልክት አድርጊ። ዝም ካለች መልሷ «አይሆንም» ነው። የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከ2019 ጀምሮ የጤና ሁኔታን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ የግል መረጃዎች ይቆጥረዋል። ሕጉ ባይኖርም የእናቶቻችን «የሰው ገመና ሸፍኚ» ይበቃን ነበር።

ደብተር ላይ ጨርሶ የማይሰፍር ነገርም አለ። እህት ተደብድቤያለሁ ወይም ተደፍሬያለሁ ካለችሽ ያ ዜና አይደለም፤ ለጸሎት ርዕስም እንዳታደርጊው። ካንቺ የሚጠበቀው አብረሻት መሄድ ነው። 1195 በጾታ ጥቃት ጉዳይ በነጻ የሚደወልበት ቁጥር ነው። ለሕፃናት 116 አለ። የናይሮቢ ሴቶች ሆስፒታል የጾታ ጥቃት ማገገሚያ ማእከል ከ2001 ጀምሮ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ለተደፈረች ሴት ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ሊጀመር የሚችለው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። ሐኪም ሳያያት ገላዋን አትታጠብ፤ ልብሷም ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይያዝ። እርቅ፣ ሽምግልና፣ «ቻይው» የሚባል ነገር በዚያ ቀን ካፍሽ አይውጣ።

ሦስተኛ፣ ዜናውን እጅ ሊይዘው እንዲችል አድርገሽ ጻፊው።

የሁልጊዜው ማስታወቂያ «እህታችን በሰላም ተገላግላለች፤ እንጠይቃት» ይላል። ይህን ያዳመጡ ሴቶች ሦስት ነገር ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ በአንድ ቅዳሜ አሥራ አምስት ሆነው ይሄዱና አራሷ ቡና ስታፈላላቸው ትውላለች፣ አንዳንዶቹ ሌላ ሰው ሄዷል ብለው ይተዉታል፣ የቀሩት ይረሱታል። እስቲ እንዲህ ጻፊው፦

«በሙጎያ በኩል ያለችው እህታችን ተገላግላለች፤ እንዲነገር ፈቅዳለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀኑ 7 ሰዓት (ሳዓ ሳባ፣ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 1፡00) ምሳ የሚያደርስላት እንፈልጋለን። ገንፎ፣ አጥሚት ወይም ኡጂ ይስማማታል፤ በርበሬ ይቅር። ማክሰኞና ሐሙስ ተይዘዋል። የቀሩትን የምትይዝ እስከ ቅዳሜ ማታ ለጠያቂዋ ትንገር። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አይግባ፤ ከ20 ደቂቃም በላይ አይቆይ። ዕቃ መመለስ እንዳያስጨንቃት በማይመለስ ዕቃ አምጡ። ትልቁን ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርስም አንዲት እህት ያስፈልጋል።»

ርዝመቱ አያስፈራሽ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንዲት ሴት የምትጠይቀውን ጥያቄ ቀድሞ ይመልሳል። ገንፎና ኡጂ ጎን ለጎን መጻፋቸውም ሆን ተብሎ ነው። ገንፎ ማገንፋት የማትችል የኬንያ እህት «የሀበሻ ጉዳይ ነው» ብላ እንዳትቀር ነው፤ ለአራስ የሚሆን ትኩስ ነገር በሁለቱም አገር አለ።

ሰዓቱን በተመለከተ ልብ በዪ። ስዋሂሊ እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ ሳዓ ታቱ አሱቡሂ የእኛው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ የምታነብ ሴት ግን 9፡00 ነው የምትለው። በአንድ የዋትስአፕ መልእክት «3 ሰዓት» ብቻ ከተጻፈ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፊ። ቀኑንም ከነስሙ ጻፊ፤ «በ12» ብቻ ስትዪ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትሄድ እናት ሌላ ቀን ትረዳለች። ማንበብ ለሚቸግራቸው ያንኑ መልእክት በድምፅ ቅጂና ላኪ።

አራተኛ፣ የአገልግሎት በሮችን ራስሽ ሄደሽ እይያቸው።

በዝርዝርሽ ላይ አንድ ቦታ ከመግባቱ በፊት አንቺ ወይም ሌላ እህት በአካል ሄዳ ሦስት ነገር ጠይቃ ትመለስ፤ ማንን እናነጋግር፣ ምን ያስፈልጋችኋል፣ ምን አናምጣ። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ድካም ያተርፋል።

ለሳውዝ ሲ ሴት ቅርቡ ቀይ መስቀል ነው፤ የኬንያ ቀይ መስቀል ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ሰፈራችን ነው። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠናና የበጎ ፈቃድ ምዝገባ ጠይቂ። ከእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንዲት ሴት የሚደማ ቁስል ማሰርና ትን ያለውን ሕፃን መርዳት ብታውቅ ትልቅ ነገር ነው። ከሞምባሳ ሮድ ማዶ ባሉት የሙኩሩ መንደሮች ዝናብ ቤት ያፈርሳል። በሚያዝያና በግንቦት 2024 የናይሮቢ ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ ሲያፈናቅል ሰው ያስፈለገው ብርድ ልብስ፣ ንጹሕ ውኃና የበሰለ ምግብ ነበር። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ብርድ ልብሱን በየካቲት ሰብስቢ። ጎርፉ ከመጣ በኋላ መለመን ይዘገያል፤ የሳውዝ ሲ መንገዶችም ራሳቸው ውኃ ይሞላሉ።

የላንጋታ የሴቶች ወህኒ ቤት ሩቅ አይደለም። በኬንያ ሕግ እናት እስረኛ ልጇን እስከ አራት ዓመት ድረስ አብራ ማቆየት ትችላለች፤ ስለዚህ እዚያ የሚታሰበው ለአዋቂ ብቻ አይደለም። አስቀድመሽ ከወህኒ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ጋር ተነጋገሪ፤ የሚገቡትን ሴቶች ስምና የመታወቂያ ቁጥር በደብዳቤ አስገቢ። የንጽሕና መጠበቂያ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሳሙና፣ የውስጥ ልብስ ብዙ ጊዜ የሚፈለጉ ናቸው፤ ቢሆንም የዚያን ወር ዝርዝር ራሳቸው ይስጡሽ። ከረጢቶቹን ስታዘጋጁ ሁሉንም እኩል አድርጉ። አንዱ ሽቶ ያለው ሳሙና፣ አንዱ ተራ ሳሙና ከያዘ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ጠብ ይሆናል። ስልካችሁን ቤት ተዉት፤ መታወቂያችሁን ያዙ። «ምን አድርገሽ ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ የለም። ልጆቿን ስታነሣ ግን አዳምጧት።

እዚህ ላይ አማርኛ የምትናገር ሴት ማንም የማይተካው ነገር አላት። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያልፉ ያለ ሰነድ የተያዙ ኢትዮጵያውያን በኬንያ ፍርድ ቤቶች ይቀርባሉ፤ ዳኛው የሚለውን የማይሰማ አለ። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ተከሳሽ ቋንቋውን ካልተረዳ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በደብተርሽ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሀዲይኛና ከምባትኛ የሚችሉትን ለይተሽ ያዢ፤ ለወህኒ ቤቱ፣ ለሆስፒታልና ነጻ የሕግ እርዳታ ለሚሰጠው ኪቱዎ ቻ ሼሪያ እንዳሉ አሳውቂ። የምታስተረጉም እህት የተባለውን ብቻ ትናገር። «እንዲህ በል» ብላ አትምከር፣ «ትፈታለህ» ብላ ተስፋ አትስጥ፣ ከደላላም ሆነ ከዘመድ ገንዘብ አትቀበል። ከጨረሰች በኋላ ወደ ቤቱ እንድትደውልለት ከጠየቃት ኃላፊውን አስፈቅዳ ትደውል። የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ወራት የቆየች እናት በሌላኛው ጫፍ አለች።

ሕፃናት ማሳደጊያ መሄድ ብዙ ኅብረቶች ይወዳሉ። እኔ በመጠኑ እላለሁ። ኬንያ ከ2022 ጀምሮ ልጆችን ከማሳደጊያ ወደ ቤተሰብ የመመለስ ስልት ይዛለች። በአንድ ቅዳሜ ኬክ ይዞ ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ ከመመለስ፣ በሰፈራችሁ የእህቷን ልጆች ተቀብላ የምታሳድገውን አንዲት አክስት የትምህርት ቤት ክፍያ ማገዝ ይበልጣል። ከሄዳችሁም የልጅ ፊት ፎቶ አይነሣ።

የመጋቢት የመጀመሪያ ዓርብ የዓለም የጸሎት ቀን ነው። በብዙ አገር የልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ሴቶች በአንድነት ይጸልያሉ። ከሌሎች ኅብረቶች ጸሐፊዎች ጋር የምትተዋወቂበት ቀን አድርጊው፤ ያንቺ ኅብረት አልጋ ሲያጣ የእነርሱ ሊኖረው ይችላል። ሳውዝ ሲ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ በረመዳን ማታ በአፍጥር ሰዓት ደጅ አታንኳኩ። የታመመች ሙስሊም ጎረቤት ካለች ግን እንደ ሌላው ሁሉ ጠይቋት፤ ምግብ የምትወስዱ ከሆነ በእንቁላል፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ተወሰኑ።

አምስተኛ፣ ገንዘቡን ለሁሉም ዓይን ክፍት አድርጊው።

በእቁብና በእድር ላደግን ይህ አዲስ አይደለም፤ ኬንያውያን እህቶችም በቻማ ያውቁታል። ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ሁለት ሳይፈርሙ ገንዘብ አይውጣ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ የገባው፣ የወጣውና የቀረው በሦስት መስመር ይነበብ። ኅብረቱን ማስመዝገብ ከፈለጋችሁ የ2022 የማኅበረሰብ ቡድኖች ምዝገባ ሕግ ቢያንስ አሥር አባላትና የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ ይጠይቃል። የተረዱ ሰዎች ስም በሒሳቡ ላይ አይነበብም፤ «ለአንድ ቤት ኪራይ» ይበቃል።

ስድስተኛ፣ ዜናውን ዝጊው።

እርዳታ የጠየቀ ማስታወቂያ ሁሉ መዝጊያ አለው። አራሷ አርባ ቀኗ ሲደርስ፣ ታማሚዋ ስትነሣ፣ «ያ ጉዳይ አልቋል፤ ስድስት እህቶች አሥር ምሳ አድርሰዋል» ብለሽ ንገሪ። ካልዘጋሽው ሰው በሦስተኛው ወር ገንፎ ይዞ ይመጣል፤ ወይም ሰጥቶ ምን እንደ ደረሰ ሳያውቅ ይቀርና ሁለተኛ አይሰጥም። ያልተሳካውንም ተናገሪ፤ «ሐሙስ ሰው አላገኘንም» ማለት ለሚቀጥለው ሐሙስ ሰው ያስገኛል።

የምትሄዱት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ነው፤ አንዷ አዲስ፣ አንዷ የለመደች። አንዲት ጠያቂ ስድስት ወር ካገለገለች አንድ ወር ትረፍ። የደከመች ጠያቂ ደጅ ላይ ቆማ ሳትቀመጥ ትመለሳለችና።

ደብተሩንም የምታስረክቢበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ተረካቢዋን ቤትሽ ጥሪያት። ያልተዘጉትን ገጾች አንድ በአንድ አንብቢላት፤ የትኛዋ ቤት በር ሁለት ጊዜ እንደሚንኳኳ፣ የትኛዋ ከሥራ ማታ 1 ሰዓት እንደምትገባ ንገሪያት። የተዘጉትንና «ለጠያቂዋና ለመጋቢዋ ብቻ» የተባሉትን ገጾች ግን ፊቷ ቅደጂና በከሰል ምድጃው አቃጥያቸው። ከዚያ አብራችሁ ውጡና በቀረው ዝርዝር ላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን እህት ደጅ እርሷ ታንኳኳ፤ አንቺ ከኋላዋ ቁሚ።